12ቱ የእንጨት ወታደሮች፦ አራት ልጆች የሰው ታሪክ እየቀጠሉ እንዴት ደራሲ ሆኑ?

አንድ ልጅ የወደደው ታሪክ ሲያልቅበት ምን ያደርጋል? ብዙው ልጅ ትንሽ ይከፋውና ሌላ ይፈልጋል። አንዳንዱ ግን እርሳስ ያነሳል። «ጀግናው ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ? ያ ክፉ ሰው ልጅ ቢኖረውስ?» ብሎ ታሪኩን ካቆመበት ይቀጥላል። ጓደኛው ያነብለትና «እዚህ ጋ እንዲህ ቢሆን ይሻል ነበር» ይለዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ በሁለት እጅ ይጻፋል። ይህን ነው ዛሬ ዓለም «ፋን ፊክሽን» የሚለው፤ እኛ የአድናቂዎች ድርሰት ብንለው ያስኬዳል።

ወላጅ እንዲህ ያለ ደብተር ከልጁ ቦርሳ ውስጥ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ቁጣ ነው። «ትምህርትህን ትተህ የሰው ተረት ትሞነጫጭራለህ?» ይላል። ቁጣው ለልጁ ከማሰብ የመጣ ነው። ቢሆንም ደብተሩን ከመቀማታችን በፊት 200 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አንድ ታሪክ እንይ። ታሪኩ የእንግሊዝ ነው፤ መንገዱ ግን በባግዳድ ተረቶች፣ በምዕራብ አፍሪካ ጦርነትና በእኛዋ ሐበሻ በኩል ያልፋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልካም ንባብ።

◾ እናት የሌለበት ቤት

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሃዎርዝ የምትባል ኮረብታማ መንደር አለች። በ1820 ፓትሪክ ብሮንቴ የተባለ ቄስ ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ይዞ ወደዚያች መንደር መጣ። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በመስከረም 1821 ሚስቱ ሞተች። በ1825 ደግሞ ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ፣ ማሪያና ኤልሳቤጥ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ታመው ተመልሰው በስድስት ሳምንት ልዩነት ውስጥ አረፉ።

አራት ልጆች ቀሩ። ሻርሎት፣ ብራንዌል፣ ኤሚሊ እና አን። ከአራቱ ወንዱ ብራንዌል ብቻ ነበር። አክስታቸው መጥታ አሳደገቻቸው።

ቤቱ ሀብታም አልነበረም፤ ንባብ ግን አልጎደለበትም። አባትየው ራሱ በ1811 የግጥም መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ልጆቹን «ይህን አንብቡ፣ ያን አታንብቡ» ብሎ ብዙም አላስጨነቃቸውም። ጋዜጣ ይገባል፤ ፖለቲካው ልጆቹ ባሉበት ይወራል። በስኮትላንድ የሚታተመውን «ብላክውድስ» የተባለ ታዋቂ መጽሔት ደግሞ ሌላ ሰው እያዋሳቸው ያነቡ ነበር። ይህን በአእምሯችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

◾ የሰኔ ወር ሳጥን

በሰኔ 1826 አባትየው ከሊድስ ከተማ ሲመለስ ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች የያዘ ሳጥን ይዞ መጣ። በማግስቱ ልጆቹ ወታደሮቹን ተሻሙባቸው። የ10 ዓመቷ ሻርሎት አንዱን አንስታ «ይህ የዌሊንግተኑ መስፍን ነው፤ የእኔ ነው!» አለች። መስፍኑ በ1815 በዋተርሉ ጦርነት ናፖሊዮንን ያሸነፈው፣ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጅ ሁሉ የሚያደንቀው የጦር አዛዥ ነው። ብራንዌል በበኩሉ አንዱን ወታደር ቦናፓርት አለው። ታናናሾቹ ኤሚሊና አንም የየራሳቸውን ወታደር መርጠው ስም አወጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጆቹ የፈጠራ ሰው ከባዶ አልፈጠሩም። ጋዜጣ ላይ ስሙን ያነበቡትን፣ ታላላቆች ሲያወሩለት የሰሙትን ሰው ወስደው አዲስ ሕይወት ሰጡት። ኋላ የዌሊንግተንን ልጆችም ጨመሩ። መስፍኑ በእውኑ ዓለም አርተርና ቻርለስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሩት። ሻርሎት ሁለቱንም ወስዳ አንዱን ጀግና፣ ሌላውን ታሪክ ነጋሪ አደረገቻቸው። ዛሬ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የምታደንቀውን ተጫዋች ወይም የፊልም ጀግና ወስዳ ከምትጽፈው በምን ይለያል? በምንም።

ጨዋታው ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ተሻገረ። በጥር 1829 ብራንዌል በ11 ዓመቱ ያን የሚያነቡትን «ብላክውድስ» መስሎ የራሱን መጽሔት ጀመረ። በነሐሴ ወር ሻርሎት አዘጋጅነቱን ተረከበችው። መጽሔቶቹ በእጅ የተጻፉ፣ በመርፌና ክር የተሰፉ፣ ከመጫወቻ ካርድ ያነሱ ነበሩ። ፊደሉ የማተሚያ ቤት ፊደል እንዲመስል ሆኖ እጅግ ደቆ ተጽፏል፤ ለእንጨት ወታደሮቹ ቁመት የሚስማማ መጽሐፍ ነዋ! የርዕስ ገጽ አላቸው፣ ማውጫ አላቸው፣ ታሪክና ግጥም አላቸው፣ ማስታወቂያ ሳይቀር አላቸው።

ከእነዚህ አንዱ፣ ሻርሎት በ14 ዓመቷ በ1830 የሠራችው፣ 35 በ61 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ20 ገጽ ውስጥ ከ4,000 በላይ ቃላት ይዟል። በ2019 በፓሪስ ጨረታ ላይ ወጥቶ የሃዎርዙ ሙዚየም በ600,000 ዩሮ ገዝቶ ወደ ቤቱ መለሰው። በዘመኑ አንድ ትልቅ ሰው አግኝቶት ቢሆን «ምንድን ነው ይህ ጭረት?» ብሎ እሳት ውስጥ ይጥለው ነበር ይሆናል።

◾ ብቻውን የጻፈ አልነበረም

የዚህ ታሪክ ዋና ነጥብ ይህ ነው። አራቱ ልጆች አንድ ዓለም ነው የገነቡት። «የመስታወት ከተማ» ብለው ሰየሙት። ብራንዌል ጦርነቱን፣ ምክር ቤቱንና ካርታውን ይወዳል፤ ሻርሎት ሰዎቹን፣ ፍቅራቸውንና ቂማቸውን። አንዱ ያመጣውን ሰው ሌላው ይረከበዋል። አንዱ በጦርነት የገደለውን ሌላው ያስነሳዋል። የሁለቱ የተለያየ ዝንባሌ ባይኖር ከተማዋ ወይ የጦር ሜዳ ብቻ፣ ወይ የእልፍኝ ወሬ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

እርስ በርስም ይተቻቹ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ደራሲ የሆኑ ሰዎችን ፈጥረው አንዱ ደራሲ የሌላውን መጽሐፍ እያነሳ እንዲያብጠለጥል ያደርጋሉ። ሻርሎት በ1834 በጻፈችው አንድ ታሪክ ውስጥ ወንድሟን ጉረኛ ገጸ ባሕርይ አድርጋ አሹፋበታለች። ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ግን ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ነገ የምትጽፈውን ወንድምህ እንደሚያነበው ካወቅህ ዛሬ ተጠንቅቀህ ትጽፋለህ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1831 ሻርሎት ለትምህርት ስትሄድ ሁለቱ ታናናሾች ተገንጥለው «ጎንዳል» የሚባል የራሳቸውን ደሴት መሠረቱ። ሻርሎትና ብራንዌል ደግሞ በ1834 «አንግሪያ» የሚባል መንግሥት አቋቋሙ። አንድ ሆኖ የተጀመረው ዓለም ለሁለት ተከፍሎም በጥንድ በጥንድ መጻፉ አልቀረም።

◾ ጂኒዎቹ ከየት መጡ?

በልጆቹ ታሪክ ውስጥ 12ቱ ወታደሮች በመርከብ ተጉዘው ምዕራብ አፍሪካ ይደርሳሉ። ከተማዋን የሚያሠሯቸውና ከአደጋ የሚጠብቋቸው አራት «ጂኒዎች» ናቸው። ጂኒዎቹ እነማን መሰሏችሁ? ራሳቸው አራቱ ልጆች! ስማቸውን እንኳ ከየስማቸው ቆርጠው «ታሊ»፣ «ብራኒ»፣ «ኤሚ»፣ «አኒ» ብለው ነበር። የሞተን የሚያስነሱት በዚህ ሥልጣናቸው ነው።

እነዚህን ጂኒዎች ያገኟቸው ከዐረቡ ዓለም ተረቶች፣ ከ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ነው። እና ይህ መጽሐፍ ራሱ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ኢብኑል ነዲም በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ በጻፈው «አል-ፊህሪስት» ላይ መሠረቱ የፋርስ መጽሐፍ እንደሆነ ጠቅሷል። ከዚያ ባግዳድ ጨመረች፣ ካይሮ ጨመረች፤ ተራኪ ሁሉ የራሱን እያከለበት ለዘመናት አደገ። ሁላችሁም የምታውቁት አላዲን እንኳ በጥንቱ የዐረብኛ ቅጂ ውስጥ የለም። ሐና ዲያብ የተባለ የሐለብ ክርስቲያን ወጣት በ1709 ፓሪስ ውስጥ አንትዋን ጋላን ለተባለው ፈረንሳዊ ተርጓሚ የነገረው ታሪክ ነው። ተርጓሚው ጻፈው፤ ዓለም ተቀበለው። የዓለም ዝነኛው የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ታሪክ ኋላ የተጨመረ ታሪክ ነው ማለት ነው።

◾ በኪታቦቻችን ዓለም

በሌላው ሥራ ላይ መቀጠል በሙስሊሙ ዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ስም ያለው ጥበብ ነበር።

ተኽሚስን ውሰዱ። ገጣሚው የሌላ ሰው ግጥም ይወስዳል። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ስንኝ ነው። ከፊቱ ሦስት የራሱን ስንኞች በዚያው ቤት መምቻ ይጨምርና አምስት ያደርገዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የግብፁ ኢማሙ አል-ቡሰይሪ ቀሲደቱል ቡርዳ ላይ ብቻ ስንትና ስንት ገጣሚዎች ተኽሚስ ሠርተዋል። አዲሱ ገጣሚ ከቀደመው ሊቅ ጎን ተቀምጦ መለኪያውን፣ ቃሉንና ትንፋሹን ይማራል።

መቃማትን ውሰዱ። በዲዑዘማን አል-ሐመዛኒ (968–1007) አንድ አንደበተ ርቱዕ መንገደኛና አንድ ተራኪ ፈጥሮ አስቂኝ ታሪኮችን ጻፈ። ከእርሱ ሞት በኋላ የተወለደው አል-ሐሪሪ (1054–1122) ያንኑ ቅርጽ ወስዶ የራሱን መንገደኛና የራሱን ተራኪ ተከለበት። በመግቢያው ላይም ቀዳሚው በዲዑዘማን መሆኑን በግልጽ መስክሯል። የእርሱ መቃማት ለዘመናት የዐረብኛ ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ኖሯል።

ሐይ ኢብኑ የቅዛንንም ውሰዱ። ኢብኑ ሲና (በ1037 ያረፈው) በዚህ ስም አንድ ምሳሌያዊ ታሪክ ጻፈ። የአንደሉሱ ኢብኑ ጡፈይል (በ1185 ያረፈው) ስሙን ከእርሱ ወሰደና ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሚዳቋ ያሳደገችውን ልጅ ታሪክ ሠራበት። ቀጥሎ ደም በሳንባ በኩል እንደሚዘዋወር የጻፈው ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ነፊስ (በ1288 ያረፈው) ተመሳሳይ የደሴት ታሪክ አነሳ፤ ካሚል የሚባል ሰው ፈጥሮ ለቀደሙት በታሪክ መልስ ሰጠ። ሦስት ሊቃውንት፣ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት፣ አንድ እየተቀባበሉ የሚጽፉት ወሬ!

በአገራችንም የወሎን መንዙማ ማሰብ ይበቃል። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። እንደ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በዐጀሚ ጽፈው አስተላለፉልን።

እርግጥ ወሰኑም ይታወቃል። በቁርኣንና በነቢያት ታሪክ ላይ የፈጠራ እጅ አይገባም። ልጆቻችን ይህን ከእኛ መስማት አለባቸው። ከዚያ ውጭ ያለው የቃል ሜዳ ግን ሰፊ ነው።

◾ አፍሪካ በእነርሱ ካርታ ላይ

ወደ ሃዎርዝ እንመለስ። የልጆቹ ከተማ የተተከለችው በምዕራብ አፍሪካ ነው ብለናል። ጠላቶቻቸው ደግሞ «አሻንቲዎች» ናቸው። አሻንቲ የፈጠራ ስም አይደለም፤ የዛሬዋ ጋና ውስጥ የነበረ ኃያል መንግሥት ነው። በጥር 1824 የእንግሊዝን ጦር ድል አድርጎ ገዥውን ሰር ቻርለስ ማካርቲን ገድሏል። ልጆቹ ጨዋታቸውን የጀመሩት ከዚያ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው። ያነበቡት የእንግሊዝን ጋዜጣ ስለሆነ አሻንቲን የሳሉት በጋዜጣው ዓይን ነው። አፍሪካ መጥተው የማያውቁ አራት ልጆች አፍሪካን በወረቀት ላይ ተካፈሏት።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። የሻርሎት ታላቅ ልብ ወለድ «ጄን ኤር» ውስጥ ሔለን የምትባለው ልጅ ስታነብ የምትገኘው መጽሐፍ «ራሴላስ» ነው። የሐበሻውን ልዑል ታሪክ ማለት ነው። በ1759 የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። የሚያውቃት በወጣትነቱ፣ በ1735፣ ካሳተመው የፖርቱጋላዊው ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ትርጉም ነው። በ1790 ደግሞ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች እንግሊዛዊት የጆንሰን መጨረሻ አላረካትምና «ዲናርባስ» ብላ ቀጣዩን ክፍል ጻፈች። ስለ እኛ የተጻፈ የአድናቂ ድርሰት ነው፤ ከእኛ ግን ማንም እጁን አላስገባም።

እንግዲህ ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ እንዳልሆነ ይታያችሁ። የራሱን ታሪክ የማይጽፍ ሕዝብ ልጆች ሁልጊዜ በሌላ ሰው ካርታ ላይ እየኖሩ ያድጋሉ።

◾ የጨዋታው ዋጋ

ታሪኩን ሙሉ ለሙሉ ማር አናድርገው። በ1836 መጨረሻ የ20 ዓመቷ ሻርሎት ግጥሟን ለዝነኛው ባለቅኔ ሮበርት ሳውዚ ላከች። በመጋቢት 1837 መልሱ መጣ፤ ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደማይገባ መከራት። ሻርሎት ራሷም የፈጠረችው ዓለም ከእውነተኛው ሕይወት አብልጦ እየሳባት መሆኑ ያስጨንቃት ነበር። በ1839 ገደማ አንግሪያን በጽሑፍ ተሰናበተች። ከሞቃቱ አገር ወጥታ ቀዝቀዝ ወዳለው እውነተኛ ዓለም መሄድ እንዳለባት ወሰነች።

ኤሚሊና አን አልተሰናበቱም። በ1845 በባቡር ወደ ዮርክ ሲሄዱ፣ ኤሚሊ 27 ልትሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራት፣ መንገዱን ሁሉ የጎንዳል ሰዎችን ሆነው እየተጫወቱ ነው የተጓዙት።

ሦስቱ እህቶች በ1846 የወንድ በሚመስሉ የብዕር ስሞች በራሳቸው ገንዘብ የግጥም መጽሐፍ አሳተሙ። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር። አልቆሙም። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን እየዞሩ የሚጽፉትን እየተነጋገሩ ቀጠሉ። በ1847 «ጄን ኤር»፣ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እና «አግነስ ግሬይ» በተከታታይ ወጡ። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዓመት፣ ሦስት ልብ ወለድ!

ብራንዌልስ? መጽሔቱን የጀመረው፣ ወታደሮቹ የተገዙለት፣ ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበት ልጅ ከሥራ ሥራ እየተባረረ፣ ከመጠጥና ከኦፒየም ሱስ ጋር እየታገለ በ1848 በ31 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ኤሚሊ፣ በቀጣዩ ዓመት አን ተከተሉት። ሻርሎት በ1855 አረፈች። በአንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ዓለም የፈጠሩ ልጆች መጨረሻቸው አንድ አልሆነም። ጽሑፍ ተሰጥኦን ያሳድጋል፤ ሰውን ከሱስና ከብቸኝነት ብቻውን አያድንም። ለዚያ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ያስፈልጋል።

◾ ከ1826 እስከ ስልካችን

ዛሬ ሳጥኑ ስልክ ሆኗል። በ1967 የአሜሪካው «ስታር ትሬክ» ተከታታይ ፊልም አድናቂዎች ድርሰቶቻቸውን በተባዛ መጽሔት ላይ ማውጣት ጀመሩ። በ1998 ፋንፊክሽን ዶት ኔት፣ በ2006 ዋትፓድ፣ በ2009 በአድናቂዎች የሚተዳደረው «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» ለሕዝብ ተከፈቱ። የመጨረሻው በ2019 የሁጎን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

በእነዚህ መድረኮች አንድ ወጣት ምዕራፍ ሲያወጣ የማያውቃቸው ሰዎች ያነቡለታል፣ ያርሙለታል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሴሲሊያ አራጎንና ኬቲ ዴቪስ ይህን ለዓመታት አጥንተው በ2019 መጽሐፍ አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ሃዎርዝን ያስታውሳል፤ ብዙ አስተያየት የተቀበሉ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙባቸው ቃላት በጊዜ ሂደት እየሰፉ ይሄዳሉ። አንድ መምህር 60 ተማሪ ይዞ ሊሰጠው የማይችለውን፣ ብዙ አንባቢ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ ይሰጠዋል።

በዚያው ልክ ለልጅ የማይገባ ጽሑፍም እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ልጁን ብቻውን መልቀቅም፣ ደብተሩን መቀማትም መፍትሔ አይደለም።

ታዲያ ወላጅ፣ ኡስታዝ፣ መምህር ምን ያድርግ? ፓትሪክ ብሮንቴ ያደረገውን ያህል ይበቃል። የሚነበብ ነገር ቤት ውስጥ ይኑር፤ መግዛት ካልተቻለ ይዋሱ። ልጆቹ ስለ አገርና ስለ ዓለም ሲወራ ይስሙ። ሁለት ሦስት ልጆች አንድ ደብተር እየተቀባበሉ ይጻፉ፤ አንዱ ምዕራፍ አንድን፣ ሌላው ምዕራፍ ሁለትን። የሚቀጥሉት ታሪክ የፊልም ብቻ አይሁን። አያት የነገረቻቸው ተረት፣ የሐረር ግንብ ነጋዴ፣ የወሎ ደረሳ መንገድ ሁሉ ቀጣይ ምዕራፍ ይፈልጋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጢኛ፣ በአፋርኛ፣ በሚያልሙበት ቋንቋ ይጻፉት። ሲጽፉም ከማን እንደወሰዱ እንደ አል-ሐሪሪ በግልጽ መናገርን ይልመዱ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጃችሁ «አንብብልኝ» ብሎ ደብተሩን ሲያመጣ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና አንብቡለት። የፊደል ስህተቱን ከማረማችሁ በፊት «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።